ባለ አበባው ግድግዳ

ዓለምነውን በዕድሜው «አንቱ» ልለው ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። የእናቱን ግድግዳ በመዶሻ ያስፈረሰ ሰው በእኔ ሱቅ በር «አንተ» ተብሎ ቢያልፍ ይበቃዋል።

ግድግዳው ከሱቄ ፊት ለፊት ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ እንደዚያ ያለ በረንዳ ያላቸው ቤቶች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ የተሠሩ፣ በረንዳቸው በባለ ቀዳዳ ብሎኬት የታጠረ፣ እያንዳንዱ ብሎኬት ባለ አራት ቅጠል አበባ የሆነ። ይኼኛውን ያሠሩት የዓለምነው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አቶ ይሻው ናቸው። ሙሽራ መንገድ ላይ ስታፈጥ መታየቷ ነውር ነበረና፣ ሙሽራቸው እማማ ውዴ ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩ ብለው ነው። የወንድ ፍቅር አንዳንዴ ሲሚንቶም ይሆናል፤ ልጁ ግን ይህን ከየት ይወቀው?

ሙሽራዋ አረጁ፣ እግራቸው ከዳቸው፣ ከበረንዳው ግን አልተነሡም። የጉና ተራራ ብርድ ሲብስባቸው የታችኛውን ረድፍ በጨርቅ ወተፉት፤ በዓይናቸው ትክክል ያለውን ክፍት ተዉት። በዚያ ቀዳዳ የማያውቁት የመንገዱ ነገር አልነበረም። «ሐሊማ፣ ዛሬስ አረፈድሽ!» ይሉኛል። ባጃጅ ነጂውን ተክሌን «ልጅህን ሳሉ ተወው ወይ?» ይሉታል። እኛም ፊታቸውን ሳናይ ለግድግዳው እጅ ነሥተን «እንዴት አደሩ» ሳንል አናልፍም ነበር። አንድ ቀን ዝም ካሉ በራቸውን የሚያንኳኳ አይጠፋም።

ዓለምነው ባሕር ዳር ሄዶ መስታወት አየ። ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳይ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የማያሳይ። «ይኼ ጨርቅ የተወተፈበት የደሃ ግድግዳ ስማችንን አጠፋው» አለ። ስማችንን! ለመጥፋትም እኮ መጀመሪያ ስም መኖር አለበት። እማማ ውዴ «ልጄ፣ ሰው በምን ይሰማኛል?» ቢሉት፣ «እርስዎ ያያሉ፤ ምን ጎደለብዎ?» አላቸው። ብሎኬቱ በአንድ ከሰዓት ፈረሰ፣ በቦታው መስታወቱ ገባ፤ ስብርባሪውን ከደጁ ቦይ አጠገብ ቆልሎ ተወው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት እስካሁን ያናድደኛል። አላፊ አግዳሚው እዚያ ሲደርስ ይቆማል። አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ አንዱ ጥርሱን ይጎረጉራል። ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከአፍንጫቸው በክንድ ርቀት፣ እማማ ውዴ «ደህና ነሽ ወይ? አንተስ ደህና ነህ?» እያሉ ይጣራሉ። የሚሰማቸው የለም። ሁሉም የሚያየው የራሱን መልክ ነው። እኔ ማንኳኳት ጀምሬ ነበር፤ ዓለምነው «በጣትሽ አቆሸሽሽው» ብሎ ከለከለኝ። እሱ ተመችቶታል። የምግብ ጠረጴዛውን በረንዳው ላይ አውጥቶ፣ ምሳውን እየበላ፣ ጥርሱን በሚጎረጉረው ይስቃል። «ሲኒማ ገዛሁ» ይላል ለሰው።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ዓለምነው ደግሞ ጾም ሲገባ ለሰፈሩ ሁሉ የንስሐ አባት ካልሆንኩ ይላል። ተክሌን ሻይ በወተት ሲጠጣ አግኝቶት ሰው መሐል አዋርዶታል። በዚያው ሰሞን ከዶሮዎቹ አንዷ ጠፋች። «ሸለምጥማጥ በላት» አለ። እኔ እስላም ነኝ፣ ጾሙ የእኔ ጾም አይደለም፤ ከጎረቤት ጋር የኖረ ሰው ግን ማን መቼ ምን እንደማይበላ ያውቃል። ሸለምጥማጥም ላባ በትኖ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የዓለምነው ሸለምጥማጥ አንዲት ላባ አልጣለም።

መስታወቱ ከገባ ጀምሮ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ጨለማ ውስጥ ነበርን፤ እነ ዓለምነውም ሲመሽ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባሉ። አንድ ቀን፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ መብራት መጣ። ሰፈርተኛው «መጣ! መጣ!» እያለ ወጣ። በረንዳውም ቦግ አለ።

መብራቱ ከውስጥ ሲሆን ነገሩ እንደሚገለበጥ ሻጩ አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ሁሉም ነገር ታየ። ከፊት እማማ ውዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከኋላቸው ዓለምነው የዶሮ እግር ይዞ። እሱ እኛን አያይም፤ አሁን መስታወቱ የሚያሳየው ራሱን ነው። ጢሙን ጠራረገ፣ በመልኩ ረካ፣ መጋጡን ቀጠለ። ተክሌ ባጃጁን አጠፋና «ሸለምጥማጡ ይኸው!» አለ።

እኔ እማማ ውዴን ፊት ለፊት ሳያቸው ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ናፍቀውኛል። ተሻግሬ መስታወቱን ደበደብኩ፤ «እማማ ውዴ፣ እንዴት አመሹ!» አልኩ። ደነገጡ። ከዚያ ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ጋርደው፣ በቀዳዳው እንደሚያዩት ሁሉ፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። የቆመውን ሰው አዩ። ፊታቸው ሲበራ እንባዬ መጣ።

ዓለምነው እንዳይነካ የከለከለውን የመስታወቱን መስኮት በከዘራቸው ገፋ አድርገው ከፈቱት። «ሰው ሁሉ እዚህ ነው ለካ! ዓለምነው፣ ማዕድ ላይ ሆነህ እንዴት ሰው ደጅ ይቆማል? ኑ፣ ግቡ! እንብላ!»

እንብላ ማለት የአገር ወግ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዞረው አላዩም፤ ሽታ መለየት ካቆሙም ዓመታት ሆኗቸዋል። ተክሌ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለ።

«ይባረክ እማማ። እኛ ጾመኞች ነን።»

«ምን ነካህ? እኛስ ከሽሮ ሌላ ምን አለን?» ብለው ዞሩ።

ዓለምነው የዶሮዋን እግር የት እንደሚጥላት ጠፍቶት እንደያዛት ቀረ። እማማ ውዴ ረጅም ጊዜ አዩት።

በማግሥቱ ዓለምነው ከመስታወቱ ጀርባ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ። ለራሱ ነውር መሸፈኛ የእናቱን ዓይን ጋረደበት። እማማ ውዴ «አውጡኝ» ብለው ላኩብን። ተክሌና እኔ ደግፈን አወጣናቸው፤ ቦዩ አጠገብ የብሎኬቱ ክምር ላይ ተቀመጡ። የዓለምነው ሚስት «ብርድ ይመታዎታል፣ ይግቡ» እያለች ተከትላ መጣች።

«ይሻው የሠራልኝ ቤት ይኼው ነው» አሏት፤ የተሰበረውን አበባ እየዳበሱ።

ያን ቀን መልኩን ለማየት የቆመ አልነበረም። አላፊው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ተመረቀ። እሳቸውም የሁሉንም ልጅ በየስሙ ጠየቁ። ሱቄን ትቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከሰዓት ላይ ከኋላችን፣ ዓለምነው ከቀረበት ከመስታወቱ ወዲያ፣ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ቀን ስለሆነ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት የእኛን ጀርባ ብቻ ነው። እንደገና ተንኳኳ፣ አሁን በርታ ብሎ።

«ሐሊማ፣ ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉኝ።

«መስታወቱ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«ተይው» አሉና፣ ሽቅብ ለሚመጣው ሰው እጃቸውን አነሡ።