ጥግ የያዘው አይጥ

ተመራማሪዋ እናቷን ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባቻቸው ተናግራ ተናግራ አፏ ሲደክም ነው። እናትየው የወንድሟን የድባቴ መድኃኒት ነጥቀው ደብቀዋል።

"ይኸው ሁለት ሳምንት ዋጠ፤ እንደተኛ ነው።"

"እማዬ፣ አንጎሉ ቀስ እያለ ነው የሚያገግመው አልኩሽ እኮ። ስንቴ ልንገርሽ?"

"ያደጋችሁት በአንድ አባት ዱላ አይደለም እንዴ? አንቺ ይኸው ሰው ሆነሽ ቆመሻል። እሱ ነው መበርታት ያቃተው።"

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰችና አንዳንድ አይጥ ጎልቶ የሚታይባቸው ሁለት የመስታወት ሳጥኖች አሳየቻቸው።

"እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱንም ያንገላታቸው አንድ ጉልበተኛ አይጥ ነው። ይሄኛው ከሌሎች ጋር ይጫወታል፤ ያኛው ከጥጉ አይነሳም። የዚህኛው አንጎል ጭንቀቱን ማብረጃ መላ አገኘ፤ የዚያኛው ግን አላገኘም። ሂጂና በርታ በይው እስቲ።"

እናትየው አጎንብሰው ጥግ የያዘውን ብዙ አዩት።

"ምስኪን፣ በምን አቅሙ ይበርታ" አሉ ሳያስቡት። የተናገሩትን ራሳቸው ሲሰሙት ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ።

"ኪኒኑን ስገባ እሰጠዋለሁ" አሉ በመጨረሻ፣ እንደተቆጡ። "ከአይጥ ጋር እንዳስተያየሽው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። እሱ እንደሆነ ኩራተኛ ነው።"