ጎረቤት ጋ የተቀመጠው ጠመንጃ

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ መብላት ትቶ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሞንታናው የከብት እርባታችን ተመልሼ፣ እየተነጫነጨ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ዶክተር ሂልዴ እንድወጣ ነገረችኝ። በሩ ሳይዘጋ ግን ጥያቄዋን ሰማሁ፦ "ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?"

"ላሞቼንስ አትቆጥሪም?" አላት አባዬ። "የጠመንጃዬን ነገር መንግሥትም አይጠይቀኝ፤ ለአንቺ ምንሽ ነው?"

ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል።

"ምን አለችህ?"

"ሾርባ ጠጣ አለችኝ።"

ዶክተሯን ጠየቅኳት። "እሱን ጠይቂው፤ ያለፈቃዱ አልናገርም" አለች። ሕጉ ከእሷ ጋር ነበር።

በማግስቱ አባዬ ጠመንጃውን ለጎረቤታችን ለሌላንድ ሰጠው። "ጣሪያዬ ያፈሳል፣ ይዝግብኛል" አለን። እውነትም ያፈስ ነበር። እኛ አገር ደግሞ የሰው ጠመንጃ የሰው ጉዳይ ነው፤ ማንም አይመረምርም።

ዓመታዊው የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ዕለት ሰው ሁሉ አደን ስለሚወጣ ትምህርት ቤት እንኳ ግማሹ ባዶ ነው። ዋዜማውን ሌላንድ ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ዘይት ቀብቶ ይዞት መጣ።

"የታለ ያ ሰነፍ? ነገ በዱላ ሊያድን ነው?"

"አባዬ፣ ተነስ! ዕቃህ መጣልህ!" ብዬ ጮህኩ። ከአልጋ የሚያስነሳው ነገር በመገኘቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ጠመንጃውን አየው። "አንተ ጋ ይቆይ" አለ ቀስ ብሎ።

"ጣሪያህን ባለፈው ሳምንት አብረን ደፈንነው እኮ! ምነው፣ ዓይንህ ደከመ? መሳት ፈራህ?"

ሳቅኩ። አባዬ እኔንም እሱንም አየንና እጁን ዘርግቶ ተቀበለው።

ጠዋት ሌላንድ የመኪናውን ጥሩምባ ደጋግሞ ነፋ። አባዬ አልወጣም። ፍለጋ ስወጣ ጋጣው ውስጥ አገኘሁት።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተር ሂልዴ ለብቻዬ ወሰደችኝ። "ራሱን እንዳይጎዳ ፈርቼ ጠመንጃውን ከቤት አውጣው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ" አለች። "ለማንም ብትናገሪ ሁለተኛ ዓይኔን አታዪውም አለኝ። ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ብዬ ዝም አልኩ።"

ልጮህባት ፈልጌ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሌላንድ ኩሽናችን ውስጥ ቀረ፤ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ።

"ቴስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለምን ነበር እኔ ጋ ያስቀመጠው?"

"ለጣሪያው ነዋ።"

"ተደፍኖ ነበር እኮ።"

"አዎ፣ ተደፍኖ ነበር።"

ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም፤ አልሄደምም።