ጥያቄ ቁጥር አራት

እናቴ ኦብዱሊያ በስፔኗ የባርባቴ ወደብ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቱና እየቆረጠች በቆርቆሮ ስታሽግ ኖራለች። እኔ በከተማችን ጤና ጣቢያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ፕሮፌሰር ኤሊዮዶሮ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ የተመለሰ የድባቴ መጠይቅ ይዘው ሲመጡ፣ እንዲሞክሩት ከጠራኋቸው አሥር ጡረተኞች አንዷ እሷ ነበረች።

ፕሮፌሰሩ ያነባሉ፣ ሰዉ «ሁልጊዜ»፣ «አንዳንዴ» ወይም «አንድም ቀን» ብሎ ይመልሳል። አራተኛው ላይ ደረሱ።

«ባለፈው ሳምንት እንደ ሌላው ሰው ጥሩ እንደሆንኩ ተሰምቶኛል።»

ሁሉም «ሁልጊዜ» አሉ። ባሏ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ የሆነው ጎረቤታችን ካሲልዳ እንኳ እንባዋን እየጠረገች «ሁልጊዜ» አለች።

ፕሮፌሰሩ ግራ ገባቸው። «እዚህ አገር የሚከፋው ሰው የለም እንዴ?»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። «ጥሩ ሰው ነሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት ምን ትበል? ሌባ ነኝ ትበል?»

«እማ!» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

«ተይኝ፣ ማካሬና። ሰውየው ሊሰሙ አይደል የመጡት?»

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይጠይቁ ነበር፣ ወይዘሮ ኦብዱሊያ?»

ትንሽ አሰበች። «ፋብሪካው ውስጥ አለቃ ሲያመናጭቀን ‹ከማንም አላንስም› ነበር የምንለው። እሱን ይጠይቁ።»

ፕሮፌሰሩ ጻፉትና ለካሲልዳ ደግመው አነበቡላት። «ባለፈው ሳምንት ከማንም እንደማላንስ ተሰምቶኛል።»

ካሲልዳ እንባዋን መጥረጉን ተወች።

«አንድም ቀን» አለች። «እሱ ከሄደ ወዲህ ሰው ፊት መቆም ያሸማቅቀኛል።»

እናቴ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔም ለካሲልዳ ለማግስቱ ቀጠሮ ያዝኩላት፤ ክረምቱን ሙሉ ሳታጓድል መጣች።

የእናቴን አባባል ሁለት መቶ ሰዎች ላይ ሞከርነው። የከፋውን ካልከፋው ለየልን። መጠይቁ ሲታተም የመጨረሻው ገጽ ላይ መጠይቁን ካዘጋጁት ዶክተሮች ስም ቀጥሎ የእሷም ሰፈረ። ፕሮፌሰሩ ከስሟ ጎን «ጡረተኛ» ሊሉ ነበር፤ እሷ ግን «የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ» ካልተባለ አውጡኝ ብላ ድርቅ አለች። እንዳለችው ሆነ። ሳነበው ዲፕሎማዬን በተቀበልኩበት ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራሁም።

ገጹን ይዛ ገበያ ወጣች። ዓሣ ሻጩ ፍሩክቱኦሶ አንብቦ ሲጨርስ «እንግዲህ ዶክተር ሆነሻላ!» ብሎ አሾፈባት።

«ለአንተም ጥያቄ አለኝ» አለችው። «ሚዛኑ ላይ ጣትህን የምታሳርፈው ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?»