ትሪው ላይ የወጣው ቀይ ጉድ

የመጨረሻዋ ልጄ አቼቶ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ናት። የዛን ቀን መነጽሯን ቤት ረስታ ስለወጣች ይዤላት ሄድኩ። ስደርስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማዬ፣ ጸልዪልኝ" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የአቼቶውን ጥንካሬ ለመለካት እያንዳንዱ ላይ ኬሚካል ጠብ ጠብ ሲያደርጉ ነው የሚውሉት። እሷ ደግሞ ሙቀት የሚያይ ካሜራ አስገዛች። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው የሚያብረቀርቅ የብረት ትሪ አላት፤ በየጉድጓዱ አቼቶ ትሞላለች፣ ከላይ ኬሚካል ትጨምራለች። ጠንካራው አቼቶ ይግላል፣ የቀጠነው አይግልም። ካሜራው የጋለውን ቀይ፣ ያልጋለውን ሰማያዊ አድርጎ ባንድ አፍታ ያሳያል።

ሥራ አስኪያጁ፣ የትልቁ ልጄ እኩያ ነው፣ አንዱን አቼቶ በድብቅ በውሃ አቅጥኖታል። "ካሜራሽ የቱ እንደሆነ ካላገኘ፣ እሱ ወደ ሱቁ፣ አንቺም ወደ ጠርሙስ እጥበት" ብሏታል።

ሥራ አስኪያጁ ራቅ ብሎ ስክሪኑን እያየ ልጄ ኬሚካሉን ጨመረች። እኔም ትሪው አጠገብ ቆሜ አንገቴን አሰገግኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ጉድፍ ጉብ አለ! ካሜራው ቀዩን ሁሉ ከሁሉም ለጋለው ለጉድፉ ሰጥቶ ጉድጓዶቹን በሙሉ ሰማያዊ አደረጋቸው።

"ሁሉም ውሃ ነው እንዴ?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "እንግዲያው ፋብሪካውን እንዝጋው።"

"ትናንት ብቻዬን ስሞክረው እኮ ይሠራ ነበር!" የልጄ እንባ መጣ።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ "አቤቱ፣ ልጄን አታሳፍራት!" አልኩ።

ጉድፉ ሁለት እጅ አወጣ።

"እማዬ! እጅሽን አውርጂ!"

"ለፈጣሪ የተዘረጋ እጅ በትእዛዝ አይወርድም!"

"በሞቴ!"

አወረድኩ። ጉድፉም አወረደ። አነሳሁ፣ አነሳ። ቀኜን ባወዛውዝ ሰላም አለኝ።

"ትሪው እንደ መስታወት እያሳየሽ ነው! ያንቺን ሙቀት ነው!" ሳቋ አፈናት። "ቀዩ ጉድ አንቺ ነሽ!"

"አባትሽ እኮ ጠይም ናት ብሎ ነው ያገባኝ!"

"ሂጂ ወደ በሩ፣ አቼቶው ሳይቀዘቅዝ!"

በዚህ ጉልበቴ በረርኩ። ዞር ከማለቴ አሥራ አንዱ ጉድጓድ እንደ ፍም ቦግ! ሰባተኛው ብቻ ሰማያዊ።

"ሰባተኛው!" ጮኸች ልጄ።

ሥራ አስኪያጁ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋው። ሰባት። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። እሱ ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልሆነለትም። ቀስ ብሎ ወደ ትሪው ተጠጋና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"እኔም እወጣለሁ?"

"ወጡ! እርስዎማ ከእናቴም ይብሳሉ!"

"ካሜራው አይመለስም" አለ፣ እጁን እያወዛወዘ።

እኔም በሩ ላይ ሆኜ "ስሙ ይባረክ" አልኩ፤ እጆቼን ግን ብብቴ ሥር ወሽቄ።