ደረጃ አሥራ አንድ

አቶ ደምሌ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የሚያዝዙት ሰው ስላጡ ኮምፒውተር ገዙ። እሱንም ማዘዝ ሲያቅታቸው ወደ እኔ ያመጡታል። እኔ አሲያ ነኝ፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው ክፍል ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ።

ያን ቀን በባጃጅ መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የኮምፒውተሩን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከኋላ ይከተላሉ። አቶ ደምሌ የያዙት ከዘራቸውን ብቻ ነው።

«አሥራ አንድ ጫኝልኝ» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ።

«ዊንዶውስ አሥራ አንድ?»

«ሌላ አሥራ አንድ አለ እንዴ? አስማረ ቤት ገብቷል። ትናንት ጠርቶ አሳየኝ።»

አቶ አስማረ ጎረቤታቸው ናቸው። በሥራ ላይ ሳሉ የአቶ ደምሌ የበታች ነበሩ፤ አቶ ደምሌም ይህ ነገር እንዲረሳ አይፈልጉም።

ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት። ዲስኩ የድሮ ነው፤ ራሙም ትንሽ ነው።

«ጋሽ ደምሌ፣ ይህ ማሽን አሥራ አንድን አይችልም። ያለዎት አሥር ይበቃዎታል፤ ይጽፉበታል፣ ካርታዎን ይጫወቱበታል። እርግጥ ለአሥር ከእንግዲህ እድሳት አይመጣም፤ ኢንተርኔት ላይ መጠንቀቅ ነው። አሥራ አንድ የግድ ካሉ ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልግዎታል።»

«እድሳት አይመጣም ማለት?»

«ያው ጡረታ ወጣ እንደ ማለት ነው።»

«ጡረታ የወጣ ነገር እኔ ቤት አይገባም።»

«አንተ ገብተህ የለም ወይ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ።

አልሰሟቸውም። ሚስታቸውን መስማት ያቆሙት ገና ወንበር ላይ ሳሉ ነው። ከዘራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙና ለማስረዳት ተመቻቹ።

«ስሚ ልጄ። እኔ የወጣሁት በደረጃ አሥራ አንድ ነው። አሥር እነ አስማረ ነበሩ። አሁን እሱ አሥራ አንድ ሆኖ እኔ አሥር ልሁን?»

«ይህ እኮ የደመወዝ ደረጃ አይደለም።»

«ቁጥር ቁጥር ነው። ካቃተሽ ደብረ ታቦር እወስደዋለሁ። እዚያ ወንዶች አሉ።»

እስከዚያች ቃል ድረስ ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የጠየቁትን ልሰጣቸው ቆረጥኩ። አሥራ አንድ ከመጫኑ በፊት ማሽኑ ይመጥነው እንደሆነ ይፈትሻል፤ ፍተሻውን የሚያዘልል መንገድም አለ። አዘለልኩት። ማሽኑ እያቃሰተ ተጫነ። አቶ ደምሌ ከስክሪኑ ግርጌ፣ መሀል ላይ የተደረደሩትን ምልክቶች አዩና «ይኸው» አሉ፤ የተነጠቁትን ርስት በፍርድ ያስመለሱ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ያበሩታል፤ ቁርሳቸውን በልተው ሲመለሱ ስክሪኑ ላይ ገና ክቧ ነገር ትሽከረከራለች። ለጠየቃቸው ሁሉ «ትልቅ ነገር አይቸኩልም» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለእኔም ደውለው «አሁን እያሰበ ነው» አሉኝ።

«ያስብ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

የበዓል ዕለት አቶ አስማረንና ሌሎች ጎረቤቶችን ጠሩ። የልጃቸውን የሕይወትን ሠርግ በቪዲዮ ሊያሳዩ ነው። ጠላ ተቀዳ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ክቧ ዞረች። ጠላ ተደገመ። በመጨረሻ ቪዲዮው ጀመረና ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ቀጥ አለ፤ አንድ እግሯ አየር ላይ ቀረ። አቶ አስማረ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣

«ደምሌ፣ ይሄ አሥራ አንድ ነው ወይስ ገና እየቆጠረ ነው?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ደምሌ መብራቱ ጉልበት አንሶት ነው አሉ። አምፖሉ ግን ቦግ ብሎ ይበራ ነበር።

በማግስቱ መጡ፤ ሣጥኑን የተሸከሙት እንደገና ባለቤታቸው ናቸው።

«አበላሽተሽብኛል» አሉኝ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«በደንብ አልነገርሽኝም።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ሣጥኑን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ። አቶ ደምሌ ደጅ ላይ ከሚያውቁት ሰው ጋር ወሬ ሲይዙ ባለቤታቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አሥርን መልሺለት። ፊቱን ብቻ አሥራ አንድ አስመስዪው። እሱ ከፊት አልፎ የሚያየው ነገር የለም።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እሱስ አያውቅም። አንቺ እያወቅሽ ነው የጫንሽለት። ያ ቪዲዮ የልጄ ነበር።»

አጎንብሼ ሥራዬን ጀመርኩ። አሥርን መለስኩ፤ ምልክቶቹን ወደ መሀል አመጣሁ፤ የአሥራ አንድን ሰማያዊ ሥዕል ከጀርባ አደረግሁለት። ማሽኑ እንደ ቀድሞው ቶሎ ተነሣ። ቪዲዮውን ከፈትኩት። ሙሽራዋ እግሯን አሳረፈች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ «ተቀመጡ» ብላቸውም እንደ ቆሙ እስከ መጨረሻው አዩት።

አቶ ደምሌ ገብተው ያዩት ምልክቶቹን ነው።

«አየሽ? እናንተ ካልተቆጧችሁ አትሠሩም» አሉኝ። ሲወጡም ከዘራቸውን አልረሱም፤ ሣጥኑን ለሚስታቸው ተዉላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አቶ አስማረ ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጡ። አዲስ ነው፤ እውነተኛውን አሥራ አንድ ያለ ችግር የሚሸከም።

«የደምሌ ሲነኩት ብድግ ይላል። የእሱን ዓይነት ጫኝልኝ» አሉ።

«ጋሽ አስማረ፣ የእርስዎ ከእሳቸው ይሻላል።»

«ይሻላል አይሻልም አላልኩሽም። የደምሌን ነው ያልኩሽ።»

ፊታቸውን አየሁት፤ ለማስረዳት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁበትም።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸውና ኮምፒውተሩን ተቀበልኩ።