ሽቅብ የሚነገር ወንዝ

ሞርሊ የጠራኝ ለጸሎት ነበር። ለጸሎትና ለኬክ። “ትንሿ እናቴ፣ ስብሰባውን ባርኪልን፤ ከዚያ ሻይ ማፍያው አጠገብ ምቹ ወንበር አለልሽ” አለኝ። የሟች እኅቴ ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ የእኅት ልጅ እንደ ራስ ልጅ ነው፤ እኔም ትንሽ እናቱ ነኝ። ያንን ወንዝ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ቅጠል ሲረግፍ ቀዝፌ ወጥቼበታለሁ። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት መካከሉ ያለችው ደሴት ላይ፣ በዝናብ ነው። አሁን የመንደሩን ወጣቶች አሥራ አንድ ቀን በታንኳ ሊወስድበት ሲያቅድ ግን የጠየቀው ኮምፒዩተሩን ነው። እኔ ለአሜን ብቻ ተፈለግሁ።

አልተማርኩም። ልጆች ለቅሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው አውሮፕላን በመጣ ቁጥር አባቴ ጥድ ሥር ይደብቀኝ ነበር። የራሳችንን ፊደል እናቴ በዛፍ ልጣጭ ላይ በከሰል እየጻፈች አስቆጥራኛለች፤ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው። እንግሊዝኛውን አላነብም። እንግሊዝኛ አለማንበቤን አይቶ ዓይንም እጅም እንደሌለኝ የሚቆጥር ሰው ግን አለ፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ባረክሁ። አሳጠርኩት። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሰው ይሆናል። ሹማችን አይሪን ከፊት ተቀምጣ ትጽፋለች። ክርክሩ በዱቄት ጀመረ።

“ሦስት ጆንያ ይበቃል” አለ ሞርሊ።

“ለአሥራ ሁለት ጎረምሳ?” አለች አይሪን። “በአራተኛው ቀን መቅዘፊያውን ይበሉታል።”

“ዓሣ ያጠምዳላ!”

“ያንተ ልጅ ዓሣ የሚያውቀው በቆርቆሮ ነው” አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዱቄት ወደ ጠመንጃ ሄዱ፤ ድብ ቢመጣ ማን ይተኩሳል? ከጠመንጃ ወደ ትንኝ መከላከያ። ሞርሊ ልጆቹንም ታንኳዎቹንም ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ላይኛው ሐይቅ ላይ ሊያወርዳቸው፣ ከዚያ ቁልቁል እየቀዘፉ እስከ መንደራችን ሊያመጣቸው ነው። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ምን ቸገረኝ፣ ኬኬን በላሁ።

ከዚያ መጋረጃውን ዘግቶ ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራው። “እነዚህ ቀይ መስመሮች የሸክም መንገዶች ናቸው” አለ ለልጆቹ። “ፏፏቴ ጋ ስንደርስ ታንኳውንና ጓዙን ተሸክመን በእግር የምናልፍባቸው። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ አይታዩም፤ ጫካ ውጧቸዋል። እኛ ግን አገኘናቸው።”

ጽሑፉን ባላነብም ወንዙን አወቅሁት። እያንዳንዱን ጥምዝ አወቅሁት። ከታች፣ ከመንደራችን ተነሥቼ በዓይኔ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ሸክም በፀሐይ መውጫ በኩል ሥሎታል። እኔ የማውቀው በመጥለቂያው በኩል ነው። እርጅና ነው አልኩ። ካርታው ተገልብጦ ይሆናል አልኩ። ደሴቴን ፈለግሁ፤ አለች፣ በቦታዋ። ሁለተኛውን ሸክም አየሁ፤ ማዶ ነው። ሦስተኛውን አየሁ፤ እሱም ማዶ። ዓይኔ እየሮጠ እስከ ከበሮ ወጣ።

ከበሮ የምንለው ከሁሉም በላይ ያለውን ትልቁን ፏፏቴ ነው። ሸክሙ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ ከጥምዙ በላይ ወደ ውስጥ ገባ ካለች ትንሽ ጥግ ይጀምራል። በመጥለቂያው በኩል ያለው ገደል ብቻ ነው። ከላይ የመጣ ሰው ወደዚያ ከተጠጋ ውሃው ጎትቶ ይወስደዋል።

ቀዩ መስመር በመጥለቂያው በኩል ነበር።

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ።

“ይህን ማን ነገረህ?” አልኩ።

“ትንሿ እናቴ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው…”

“ማን ነገረህ አልኩህ፣ አንተ ልጅ!”

ፈገግ አለ። ሰው ለትንሽ ልጅ ስጦታ ሲሰጥ ፈገግ የሚለውን ዓይነት። “ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ነገር ነበር። አንቺ ነሻ! የዛሬ ሰባት ዓመት ያቺ ተማሪ መጥታ ድምፅሽን ቀድታ አልነበር? ካሴቱን ጽሕፈት ቤት አገኘሁት። ስሚ።”

አንዱን ነገር ነካ፤ የራሴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። “መጀመሪያ የምታገኙት ሸክም በስተቀኝ ነው። አጭር ነው፣ ሴትም ትሸከመዋለች…” እያለ ቀጠለ። ሁሉንም በተራ ተናግሬዋለሁ። በመጨረሻ ደክሞኝ መሰለኝ፣ ለከበሮ የሰጠሁት ይቺን ብቻ ነው። “ከበሮ ስትደርሱ ወደ ግራ ተጠጉ። ግራውን አትልቀቁ።”

ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ዓይኔን ከካርታው አልነቀልኩም።

አንድም ቃል አልተሳሳትኩም ነበር። ቀኙ ቀኝ ነው፣ ግራውም ግራ ነው፤ ሽቅብ ለሚወጣ። እዚህ አገር ወንዝ የሚነገረው ከታች ወደ ላይ ነው። ቅጠሉ ወደ ቢጫ ሲሄድ ዱቄታችንን ጭነን ከደጃችን እንነሣለን፤ ወደ ክረምት ማደኛችን ስንወጣ ለልጆቻችን እያሳየን እንነግራለን። በረዶው ሲቀልጥ ስንመለስ ማን ይነግራል? የሰው ፊት ናፍቆን፣ ሻይና ስኳር ናፍቆን እንበርራለን። አባቴ ሽቅብ ነገረኝ፤ እኔም ሽቅብ ነገርኩ። ሞርሊ በቋንቋዬ እያንዳንዱን ቃል ሰምቶ፣ ፊቱን ቁልቁል አዙሮ ሣለው።

ተነሥቼ ግድግዳው ጋ ሄድኩ። ፊቴን ወደ ሰዉ መልሼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። “ይኸው ግራዬ” አልኩ። ዞርኩ። “አሁንስ ግራዬ የት ሄደ? ሽቅብ ነው የነገርኩት፣ እናንት ደንቆሮዎች! ይህን ይዞ ከበሮ የደረሰ ልጅ ሬሳውም አይገኝም።”

ከዚያ አይሪን ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። “ተመስገን፤ ገና ሦስት ሳምንት አለን። ኩኩም ሃሪየት፣ እርስዎ ባይኖሩ…” አለች። ትልልቆቹም ትንንሾቹም ኩኩም ነው የሚሉኝ፤ አያት ማለት ነው። ሰዉ እንደገና ማውራት ጀመረ። እኔ ግን ሞርሊን አየሁት። አመዱ ቡን ብሏል።

“ምን ሆንክ?” አልኩት።

ዓይኑን ወደ ካርታው መለሰ።

“ሞርሊ!”

“ትንሿ እናቴ… ዴሊያና ዌንደል ትናንት ጠዋት ሄደዋል። መንገዶቹን በመጥረቢያ እንዲመነጥሩ። ላይኛው ሐይቅ ላይ አውሮፕላኑ አውርዷቸዋል።”

ዌንደል የመንደራችን ጎረምሳ ነው፤ ዴሊያ ደግሞ የልጄ ልጅ ናት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት “ኩኩም፣ ለጥርሴ ከተማ ደርሼ ልምጣ” ብላኝ የተጨሰ ዓሣ ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ። ጉንጯን ይዛ እያቃሰተች ነበር የተቀበለችኝ፤ ያቺ ቀጣፊ!

“ለጥርሷ ነው ያለችኝ” አልኩ። “ለጥርሷ ነው ያለችኝ።”

“እኔም ልምጣ ትላለች ብላ ነው” አለ ሞርሊ።

“ስንት ሰዓት ነው?” አለች አይሪን።

“አምስት ሰዓት።”

ከሐይቁ እስከ ከበሮ ያለው ውሃ የተኛ ነው። ሁለት ወጣት፣ ባዶ ታንኳ፣ የሞላ ወንዝ። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ማለት ዛሬ፣ ይደርሳሉ። ቀዩ መስመር ልክ አለመሆኑን የሚያውቁበት ሌላ ፏፏቴ ከዚያ በፊት የለም።

“ደውልላቸዋ!” አለች አይሪን።

“የሳተላይት ስልኩን የሚከፍቱት ማታ ብቻ ነው” አለ ሞርሊ። “ባትሪው እንዳያልቅ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳቸው።” ቢሆንም ደወለ። ቆሞ ደጋግሞ ደወለ።

እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ። አውሮፕላኑ ወደቡ ላይ ታስሯል፤ አብራሪው ክዳኑን ከፍቶ ዘይት ይጨምራል። አይሪን ከኋላዬ ሮጣ ክንዴን ያዘችኝ።

“ኩኩም፣ እርስዎ እዚህ ይቆዩ። ሰማንያ አንድ ዓመትዎ ነው።”

“አውሮፕላኑን እኔ አልቀዝፈው! የት እንደሚታረፍ ማን ያሳያችኋል? ካርታው?”

ክንዴን ለቀቀችኝ። አብራሪው ከወገቤ ደግፎ አስገባኝ፤ ሞርሊ ገመድ ይዞ ከኋላ ገባ።

ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩበትን ወንዝ ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ሦስት ሳምንት የሚፈጅብን መንገድ በአንድ ኩባያ ሻይ ጊዜ ከሥሬ አለፈ። ደሴቴ ጥፍር ታክላለች። ጸሎት ልጀምር ብል አንድም ቃል አልመጣልኝ። ጠዋት ለማያስፈልገው ስብሰባ እንዲያ ቀለል ብሎኝ፣ አሁን ምላሴ ደረቀ።

ከበሮ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ታየ። አብራሪው ዝቅ አለ።

ቀይ ታንኳ አየሁ። ከፏፏቴው በታች፣ አረፋው ላይ ትሽከረከራለች። ግማሿ ብቻ ናት። ሌላኛው ግማሽ ድንጋይ ላይ ተሰክቷል።

ሞርሊ ከኋላዬ የሆነ ድምፅ አወጣ፤ የተመታ ውሻ ዓይነት። እኔ አላለቀስኩም። በመስኮቱ ብቻ አየሁ፤ ጣቶቼ መቀመጫውን ይዘው አልለቅ አሉኝ። የእኔ ድምፅ ነው የገደላት ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አብራሪው አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ከዚያ ጣቱን ቀሰረ።

ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ከውሃው ሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ ጠርዝ አለ። እዚያ ላይ ሰማያዊ ነገር ነበር። ሰማያዊው ነገር እጁን አወዛወዘ። ከጎኑ የተኛ ሌላ አለ።

“ከጥምዙ በላይ እረፍ” አልኩት አብራሪውን። “ከዚያች ከደረቀችው ጥድ አትለፍ። ካለፍክ እኛም እንሄዳለን።” እንዳልኩት አረፈ። ሞርሊና እሱ ገመዱን ይዘው በጫካው በኩል ወደ ገደሉ አናት ሮጡ። እኔ የአውሮፕላኑ እግር ላይ ተቀምጬ የታሰረበትን ዛፍ አቅፌ ቆየሁ። ነፋሱ ከኋላችን ነበር። የከበሮ ድምፅ እዚያ ድረስ አይሰማም ነበር፤ ቁልቁል ለሚመጣ አያስጠነቅቅም። ይህንንም ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ በሰማንያ አንድ ዓመቴ።

ፀሐይዋ ብዙ ከዘነበለች በኋላ መጡ። ዌንደል ሞርሊ ጀርባ ላይ ነው፤ እግሩ ተሰብሯል። ዴሊያ በእግሯ ትሄዳለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

ልቆጣት ነበር። ለጥርስሽ አልነበር ልላት ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

“ኩኩም፣ ጆሮዬ ውስጥ ነበርሽ” አለችኝ።

“ምን?”

“የካሴቱን ድምፅ ስልኬ ላይ ጭኜው ነበር። እየቀዘፍኩ እሰማሽ ነበር። ዌንደል በስተቀኝ ያቺን ጥግ አይቶ ‘እዚህ እንውጣ፣ መንገድ ይመስላል’ አለኝ። እኔ እንቢ አልኩት። ‘ኩኩም ግራውን አትልቀቁ ብላለች፤ አንተ ከኩኩም ታውቃለህ?’ አልኩት።”

ዌንደል ከሞርሊ ጀርባ ላይ ሆኖ “እውነቷን ነው” አለ። “ስድብም ጨምራበታለች። ከዚያ ገደሉ ላይ የበቀለች ሥር ያዝኩና በጸጉሯ ጎተትኳት።”

ማንም አይሰማኝም ስል የከረምኩ ሴት ነኝ። አንዲት ሰማችኝ፤ የሰማችኝም በሞት አፍ ላይ ነው። ልነሣ ስል አዳለጠኝ። ዴሊያ ያዘችኝ፤ ያቺ የምትንቀጠቀጥ ልጅ እኔን ያዘችኝ።

ወደቡ ላይ መንደሩ በሙሉ ቆሞ ነበር። ዌንደልን ወሰዱት። አይሪን ዴሊያን በብርድ ልብስ ጠቀለለቻትና “ጉዞው ቀርቷል። በዚያ ወንዝ ማንም አይሄድም” አለች።

“አይ፣ ይስተካከላል” አለ ሞርሊ። “መስመሮቹን ወደ ማዶ አገላብጣቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ ነው።”

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አምስት ደቂቃ! ሰው የሚወጣበት ጥግና ሰው የሚገባበት ጥግ አንድ መሰለው? የትኛው ድንጋይ ውሃ ሲሞላ እንደሚጠፋ፣ የቱ ጋ ድምፅ እንደማይሰማ ማገላበጥ ይነግረዋል? ትከሻው አንድም ሸክም አያውቅም።

እዚያው፣ በሰዉ ፊት ኮሌታውን ያዝኩት።

“አይቀርም” አልኩ ለአይሪን። “ልጆቹ ይሄዳሉ። በሚመጣው ዓመት። አንተ ግን ስማኝ፣ ሞርሊ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ታንኳህን ደጄ ላይ ታመጣለህ። ከዚያ ሽቅብ ነው። በሞተር አይደለም፣ በክንፍ አይደለም፤ በክንድህ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፣ አሳይሃለሁ። እያንዳንዱን ሸክም በትከሻህ ታልፋለህ፤ መራመድ ካቃተኝ እኔንም ጨምረህ። ከበሮ ደርሰን ፊታችንን እናዞርና ሁሉንም እንደገና ቁልቁል ትነግረኛለህ፤ አንድ ከሳትክ ተመልሰን እንወጣለን። አሁን አይሪን ትስማ፣ ዴሊያም ትስማ። እሺ በለኝ። ራስህን አትነቅንቅ፤ በአፍህ በለኝ።”