የጣሂራ ጠርዝ

«ይህን ጠርዝ ማን ጠቀለለው?» አሉ ወይዘሮ ዓዚዛ፣ ከወንበሩ ላይ ያነሱትን የሐር ሻርፕ ወደ መስኮቱ አዙረው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ።

«እኔ ነኛ!» አለች ሪሃብ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ስፌት የሚመረምር ሰው ሲታይ ጉድ ነው!

የእናቷ የጣሂራ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በሰው አገር፣ ጊንሃይም ሰፈር ያለችው ጠባብ ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልታለች፤ ሴቶቹ ሳሎን፣ ወንዶቹ ኮሪደር ላይ፣ የጫማው ክምር ደረጃው ድረስ። ሪሃብ ከትናንት ጀምሮ ግራ ገብቷታል። የሚመጣው ሁሉ «እጀ ወርቅ ነበረች» እያለ ያለቅሳል። የማንን እናት ነው የሚያለቅሱት? የእሷ እናት ሜሴ በሚሉት የንግድ ትርኢት ማዕከል አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ታማ ቤት የዋለች ሴት ናት።

የስፌት ባለሙያዋ ሪሃብ ናት። ያውም አስተማሪ የሌላት። የነተበ የሐር ቀሚስ፣ ያረጀ ክራባት ከፍሎማርክት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ትለቅማለች፤ ያልሳሳውን ቆርጣ ሻርፕ፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ ትንንሽ ቦርሳ ታወጣበታለች። መጀመሪያ ላይ ጠርዙ እየተሸበሸበ አስቸግሯት ነበር። ክረምት ላይ ለስፌት መኪናዋ ጨርቅ የሚጫን አዲስ እግር ገዛችና ጠርዙ ቀጥ አለላት። ሥራዋን የምትሸጥላት የኖርድኤንድ ሰፈር ባለ ሱቅ «የሚሸጠው ጠርዝሽ ነው» ያለቻት ቀን ሪሃብ ቤቱን በጉራ ሞላችው።

«እማዬ፣ በራሴ እኮ ነው የተማርኩት! አንቺማ ቁልፍ እንኳ መስፋት አትችዪም።»

ጣሂራ ከሶፋው ላይ «ማሻአላህ» ብላ ሳቀች።

«ልጄ፣ ይሄ የመኪና ስፌት አይደለም» አሉ ወይዘሮ ዓዚዛ፣ ሻርፑን ሳይለቁ።

«አዲስ እግር ገዝቼለት ነው እትዬ። እርስዎ አያውቁትም።»

«እግሩን እንኳ አላውቀውም። እጁን ነው የማውቀው። እኔና እናትሽ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት የሙሽራ ሻሽ ጠቅልለናል። ይሄ ምራቅ ነካ ተደርጎ፣ በጣት ተንከባልሎ የተሰፋ ነው። ደግሞ ስፌቱ ወደየት እንደሚጋደም እዪው። የግራኝ ስፌት ነው።»

ሪሃብ ቀኝ እጇን አየችው። ጣሂራ ማንኪያውንም ቁልፉንም የምትይዘው በግራዋ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ!» አሉ ሴትዮዋ፤ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ዞሩ። «ልጅቷ ደነገጠች፤ ሻይ ስጧት እባካችሁ።»

ሪሃብ ሻዩን አልጠበቀችም። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። የስፌት ቅርጫቷ ውስጥ ሰኞ ዕለት፣ ለጠዋቱ ፈረቃ፣ ለፍሩሺሽት ከመውጣቷ በፊት፣ አራቱንም ጎን በመኪና ሰፍታ የተወችው ቀይ ሻርፕ አለ። እናቷ የሞተችው ማክሰኞ ነው። ዘረጋችው። ሦስቱ ጎን ተተርትሮ በእጅ ተጠቅልሏል። አራተኛው ላይ የራሷ ስፌት እንዳለ ነው፤ ተሸብሽቧል። ማዕዘኑ ላይ መርፌ ከነክሩ ተሰክቷል።

እሷ ሥራ ስትውል እናቷ ስንቱን ተርትራ ሰፍታዋለች? ሁሉንም? አፍራባት ነው? አዝናላት ነው? ወይስ ቤት ውሎ ሰልችቷት? መናደድ አማራት፤ የምትናደድበት ሰው የለም። «ማሻአላህ» ሲባል የነበረው ለማን እጅ ነበር?

ሳሎን ውስጥ አንዷ ደግሞ «እጀ ወርቅ» ብላ ለቅሶውን አነሳችው። ሪሃብ አሁን የማንን እናት እንደሚያለቅሱ አልጠየቀችም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የራሷን ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። የጨርቁን ጫፍ በምራቋ ነካ አድርጋ አንከባለለች። መርፌውን በቀኝ እጇ ነቀለች፤ ከዚያ ወደ ግራዋ አዛወረችው።